ጥቅስ መቁጠር ማንበብን አይተካም

እ.ኤ.አ. በ2005 ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ኑክሊዮሳይዱ የተሻሻለ አር.ኤን.ኤ የሰውነትን መከላከያ ሥርዓት የሚቀሰቅሰው እጅግ ባነሰ መጠን መሆኑን «ኢሚዩኒቲ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አቀረቡ፤ የአንድ ተመራማሪ 20 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ መለኪያው 20 ይደርሳል። በዚህ ስሌት አንድ ጽሑፍ ሃያ ጊዜም ይጠቀስ ሺህ ጊዜ፣ ከአንድ በላይ አይጨምርም። የሁለቱ ግኝት ግን ለኮቪድ-19 የኤም.አር.ኤን.ኤ ክትባቶች መሠረት ሆኖ በ2023 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ስለዚህ የማዕረግ ዕድገት የሚወስኑ ኮሚቴዎች ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ይዩት፤ ከመፍረዳቸው በፊት ግን አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ጽሑፎች ያንብቡ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም ሳያነቡ መመዘን ሚዛን አይባልም።