ጥግ ላይ የቆመው ልጅ ጩኸት

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ክትባትም አላወራም፤ ስለ አንድ የሮክ ዘፈን ነው የማወራችሁ። «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሮክ!» የምትሉኝ አትጠፉም። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ዘፋኙ ከእንግሊዙ የቢትልስ ቡድን አባላት አንዱ የነበረው ጆን ሌነን ነው። ዘፈኑ «ማዘር» ይባላል፤ እናት ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ፣ በእኛ 1963 ዓ.ም. ነው።

የሚጀምረው በቀብር ደወል ነው። ደወሉ ቀስ እያለ አራት ጊዜ ይመታል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፒያኖ፣ ቤዝ ጊታርና ድራም ብቻ ነው፤ ተቀባይ የለ፣ ማሳመሪያ የለ። ሌነን መጀመሪያ ለእናቱ፣ ቀጥሎ ለአባቱ፣ በመጨረሻም ለልጆች ይናገራል፤ ሁሉንም ይሰናበታል። ስንብቱ ግን አይሆንለትም። እናትና አባቱን ደጋግሞ ይጣራል፤ በተጣራ ቁጥር ድምፁ እየሻከረ፣ እየተሰነጠቀ፣ ጩኸት ይሆናል። ለጆሮ አይጥምም፤ እንዲጥምም አልታሰበም።

ታሪኩን ስታውቁ ጩኸቱ ይገባችኋል። ሌነን እ.ኤ.አ. በ1940 ሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ መርከበኛ ነበር፤ ከልጁ ሕይወት ጠፋ። እናቱ ጁሊያ ከሌላ ሰው ጋር ኑሮ ስትመሠርት ልጁን እህቷ ሚሚ ወስዳ አሳደገችው። በጉርምስናው ከእናቱ ጋር ዳግም ተቀራረቡ፤ ባንጆ ያስተማረችውም እሷ ናት። በ1958 መኪና ገጭቶ ገደላት። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። እሱም በኋላ እናቱን ሁለት ጊዜ እንዳጣት ተናግሯል። ዘፈኑ ሲወጣ ሞቷ 12 ዓመት አልፎታል።

በዚያው በ1970 ሌነን አርተር ጃኖቭ በተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ታክሟል። ሕክምናው የልጅነትን ሕመም በለቅሶና በጩኸት ማውጣት ነበር። በጥናት በሚገባ የተረጋገጠ ስላልሆነ ለማንም አልመክረውም። ዘፈኑ ግን ሕመሙን ሳያስጌጥ ያሳያል፤ የምወድለትም ይህንኑ ነው።

በነርስነት ዘመኔ በሆስፒታል ኮሪደር ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ። ትልልቆቹ ደረት እየደቁ ሲያለቅሱ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ አይታጣም። እኛ ለትልቅ ሰው ሐዘን ድንኳን አለን፤ እድር አለን፤ ሠልስትና አርባ አለን። ልጁን ግን «አንተ ወንድ ነህ፣ አይዞህ» እንለውና ጎረቤት ቤት እንልከዋለን። ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ልጅ ነው፤ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ ለቅሶውን አሁን ሲያለቅስ።

ሐዘን ደግሞ በሞት ብቻ አይመጣም። እናት ዐረብ አገር ሄዳ ልጁን አያት የያዘችበት ቤት ስንት ነው? ገንዘቡ በየወሩ ይመጣ ይሆናል፤ ልጁ ግን እናቱን ይናፍቃል።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ለልጁ እውነቱን በዕድሜው ልክ ንገሩት። የሞተን ሰው «ተኝቷል» አትበሉት፤ መተኛት ሊፈራ ይችላል። የሄደችውን እናት ስም ጥሩለት፤ ፎቶዋን ከግድግዳ አታውርዱ። ሲያለቅስ ዝም በል ከማለት አጠገቡ ተቀመጡ። ምግብ፣ እንቅልፍ ወይም ትምህርት እንቢ ብሎት ከሰነበተ ግን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጎረምሳው የልጅ ልጃችሁም በሩን ዘግቶ ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ ሲሰማ፣ «ዝጋልኝ!» ከማለታችሁ በፊት «ልጄ፣ ምን እያለ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አብራችሁት ስሙ። ራሱ ሊነግራችሁ ያልቻለውን ዘፋኙ እየተናገረለት ሊሆን ይችላል።

ቸር እንሰንብት።