ወረታ ላይ የሰጣችሁትን ብር መካ ላይ ለምን ታሳድዳላችሁ?



ሐጅና ዑምራ በተቃረበ ቁጥር ወረታ ላይ አንድ ምክር ይዞራል። «ባንክ አትሂድ፣ በኮሚሽን ይጨርሱሃል። ብሩን ለእገሌ ስጠው፣ ሪያሉን መካ ትቀበላለህ።» መካሪዎቹ አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ምክሩ ግን ለዲንም ለኪስም አይበጅም።

ባንክን «ሪባ አለበት» ብሎ የሚሸሽ ወንድማችን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይይ። ገንዘብ በሌላ ገንዘብ ሲመነዘር ርክክቡ እጅ በእጅ፣ እዚያው መቀመጫ ላይ ማለቅ እንዳለበት ዑለሞቻችን ሁሌ ያስተምራሉ። ብሩን ዛሬ ቆጥሮ አስረክቦ ሪያሉን ከሁለት ሳምንት በኋላ መቀበልስ ምን ይባላል? ከሪባ ሸሽቶ በሪባ በር መግባት ነው! ባንክ ካርድ ለመስጠት የሚያስከፍለው የታወቀ የአገልግሎት ዋጋ ግን በብድር ላይ የሚጨመር ወለድ አይደለም። ልቡ ያልረጋ ካለም ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች አሉ።

ደግሞስ ሪያል አቀባዩ ስልኩን ቢዘጋ ለማን አቤት ይባላል? ንግዱ ሕገ ወጥ ስለሆነ ፖሊስ ጋ የሚወስዱት ወረቀት የለም። የፎገራ ገበሬ ያን ብር ያገኘው ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ አርሞ፣ አጭዶ፣ አስፈልፍሎ ነው። የብዙ ዓመት ምርት በአንድ የስልክ ቁጥር ላይ አይንጠለጠልም። ሁሉንም በቀበቶ ታጥቆ ጠዋፍ መግባትም ያው ነው፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

ባንኮቹን ንጹሕ ናቸው አላልንም። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ «ዶላር የለንም» የሚለው መልስ የድሮውን ያህል አያስኬድም። ደረቅ ወደብ ላላት፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ለሚገናኝባት ከተማ ሰው «ባሕር ዳር ሂዱና ጠይቁ» ማለትም ያሳፍራል። ክፍያውን በቃል እየነገሩ ወረቀት ላይ የማያሳዩም አሉ። እዚህ ላይ የሕዝቡ ቅሬታ ሐቅ ነው።

ስለዚህ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። በብር የሚሠራው ተራ ካርድ ለዚህ አይሆንም፤ በዶላር የሚሞላ ዓለም አቀፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ ጠይቁ። የመሙያው፣ የማውጫው፣ የምንዛሬው ክፍያ ስንት ነው? ስንመለስ የተረፈው እንዴት ይመለሳል? በጽሑፍ ይስጧችሁ። ሁለት ሦስት ባንክ አወዳድሩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ከባንክ በሕጋዊ ደረሰኝ ያዙ።

እዚያ ስትደርሱ ማሽኑ «በሪያል ወይስ በዶላር ይታሰብ?» ካላችሁ ሪያልን ምረጡ። ዶላርን ከመረጣችሁ የማሽኑ ባለቤት በራሱ ዋጋ መንዝሮ ትርፉን ይወስዳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል ተተምኖ ቆሟል። 100 ዶላር 375 ሪያል ነው። 350 የሚሰጣችሁ ሰው 25 ሪያላችሁን ወስዷል።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውጣትም ያከስራል። አንዱ ማውጣት 20 ሪያል ቢያስከፍል አሥር ጊዜ ያወጣ 200 ይከፍላል፤ ሁለት ጊዜ ያወጣ 40 ብቻ። ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች ይህን ከጉዞው በፊት ቁጭ ብሎ ማሳየት የልጆቻቸው ሥራ ነው። የሚስጥር ቁጥሩንም ካርዱ ላይ እንዳትጽፉላቸው።