አሠሪው በራሱ የሚሸፍነው ሕክምና፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና በጤና ፖሊሲ ውስጥ ያለው ቦታ

በኢትዮጵያ በርካታ ትላልቅ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ከራሳቸው ካዝና ይሸፍናሉ። ሠራተኛው ሲታመም የሕክምና ደብዳቤ ይዞ ድርጅቱ የዱቤ ውል ወደተዋዋለበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ወይም ከኪሱ ከፍሎ ይታከምና ደረሰኙን አቅርቦ ገንዘቡን ያስመልሳል። በግቢያቸው ውስጥ ክሊኒክ ያቋቋሙ ድርጅቶችም አሉ። አሠራሩ በተለምዶ የሕክምና ጥቅማ ጥቅም ይባል እንጂ በባሕርይው አሠሪው ራሱ መድን ሰጪ የሚሆንበት ሥርዓት ነው። ለመድን ድርጅት አረቦን አይከፈልም፤ ሕመም የሚያስከትለውን የወጪ ሥጋት አሠሪው ብቻውን ይሸከማል።

የአሠራሩ ጥቅም ግልጽ ነው። ሠራተኛው ገንዘብ ፍለጋ ሳይንከራተት በወቅቱ ይታከማል። አሠሪውም የሽፋኑን ዓይነትና መጠን ከሠራተኞቹ ፍላጎት ጋር አጣጥሞ ይወስናል፤ ሕመም ባልበዛበት ዓመትም ያልወጣው ገንዘብ በእጁ ይቀራል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሽፋን ጥንካሬ የሚለካው ወጪውን በሚጋሩት ሰዎች ብዛት ነው። ነገሩን በዕድር መመልከት ይቻላል፤ ብዙ አባላት ያሉት ዕድር በርካታ ሐዘን ቢደራረብበትም አይናወጥም፣ ጥቂት አባላት ያሉት ግን በአንድ ዓመት ሊራቆት ይችላል። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ ለኩላሊት እጥበት ወይም ለካንሰር ሕክምና 600,000 ብር ቢያስፈልገው፣ ወጪው 5,000 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ በነፍስ ወከፍ 120 ብር ይደርሳል። 20 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ግን 30,000 ብር ይሆናል። በዚህ ምክንያት አነስተኛ አሠሪዎች ሽፋኑን ጨርሶ አይሰጡም፤ ቢሰጡም ዝቅተኛ ጣሪያ ያበጁለታል።

ሁለተኛው ወሰን ሽፋኑ ከሥራ ውሉ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሕክምና ወጪ የመሸፈን ግዴታ ያለበት በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ነው። ለሌላ ሕመም አዋጁ የሚያረጋግጠው የሕመም ፈቃድን ነው፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ክፍያ የላቸውም። የሕክምናው ወጪ ግን የሚወሰነው በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የውስጥ ደንብ ነው። ስለሆነም ሕመሙ ጠንቶበት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ሽፋኑን የሚያጣው አብዝቶ በሚያስፈልገው ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 መነሻም ይህን ክፍተት መሙላት ነው። አዋጁ በመደበኛው ዘርፍ የተሰማሩ ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ከነቤተሰቦቻቸው በአንድ የጋራ ቋት ለማሰባሰብ ታስቦ የወጣ ሲሆን፣ የማስፈጸሚያ ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በተመሳሳይ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይደነግጋል። ወደ ሙሉ ትግበራ መሸጋገሩ ግን ዓመታት ወስዷል። ከአሠሪው የተሟላ ሽፋን የሚያገኝ ሠራተኛ ተጨማሪ መዋጮ ለምን እንደሚጠየቅ መጠየቁም አያስገርምም። መልሱ ያለው ከላይ በተገለጸው ስሌት ውስጥ ነው፤ ከፍተኛ ደመወዝ ያላቸውና ብዙ ሠራተኛ የያዙ ድርጅቶች ከጋራ ቋቱ ውጭ ከሆኑ፣ ቋቱ ለአነስተኛ ድርጅት ሠራተኛና ለጡረተኛ የሚሆን አቅም አይኖረውም።

አሠሪው በራሱ የሚሸፍነው ሕክምና በስፋት ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው የአሜሪካ ልምድም ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉ ሽፋኖች ከክፍለ ግዛቶች የመድን ሕግ ውጭ እንዲሆኑ አድርጓል። ዛሬ በአሠሪ በኩል ሽፋን ከሚያገኙት የአገሪቱ ሠራተኞች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ሽፋን ውስጥ ናቸው። ቨርሞንት የሕክምና ክፍያ መረጃን ከሁሉም ከፋዮች ለመሰብሰብ ያወጣው ሕግም እ.ኤ.አ. በ2016 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በእነዚህ ሽፋኖች ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን ተደርጓል። ይህም የአሠሪዎች ሽፋን ከጋራው ሥርዓት ተነጥሎ ሲያድግ፣ የጤና ወጪን ለማወቅና ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው መረጃ አብሮ እንደሚነጠል ያመለክታል።

ከዚህ አንጻር የአሠሪ ሽፋን ተገቢ ቦታ ከጋራው መድን በላይ የሚታከል ድጋፍ መሆን ነው፤ የጋራውን መድን ሊተካ አይችልም። መሠረታዊው ሕክምና በጋራ ቋት ሲረጋገጥ፣ አሠሪው ቋቱ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች በመጨመር ሠራተኛውን ሊያበረታታ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ በአሠሪያቸው ሽፋን የሚታከሙ ሠራተኞች የሚከተሉትን ነጥቦች ከሕመም በፊት ማረጋገጥ ይጠቅማቸዋል፦

• ሽፋኑ በኅብረት ስምምነት ወይም በውስጥ ደንብ በጽሑፍ መስፈሩን፤
• የዓመቱ ጣሪያ ስንት እንደሆነና የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ማካተቱን፤
• የዱቤ ውል ያላቸው የጤና ተቋማት የትኞቹ እንደሆኑና ደረሰኝ በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፤
• የሥራ ውሉ ሲቋረጥ የተጀመረ ሕክምና እስከ መቼ እንደሚሸፈን።

በጽሑፍ ያልሰፈረ ሽፋን በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል በቀጣዩ የኅብረት ስምምነት ድርድር እንዲካተት መጠየቅ ይችላሉ።