ልዩ ጫማ የአንድ ቀን ስጦታ አይደለም



ረመዳን ሲቃረብ ጀመዓችን የሶደቃ ሳጥኑን ያወጣል። ልብስና ጫማ ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ይታደላል። መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለው። ዘንድሮ ከመዋጮው ከፊሉ እግራቸው ለተጎዳ ወገኖች ጫማ መግዣ ይዋል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገንዘቡ ለእነሱ መዋሉን እንደግፋለን። ጫማ ገዝቶ ማደሉን ግን አንደግፍም።

ዝሆኔን እንውሰድ። አንዱ ዓይነት በደጋው አገራችን በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደተያዙ ይገመታል። ከልጅነት ጀምሮ ተራ ሽፍን ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። እግር አንዴ ካበጠ በኋላ ግን ሱቅ ውስጥ የተደረደረው ቁጥር ሁሉ አይገባም። ተለክቶ፣ በሰፊው ተቆርጦ መሰፋት አለበት። በወላይታ እንዲህ ያለ ጫማ ለሕሙማን እየተሰፋ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሸክሙን የተሸከመው ግን በአብዛኛው በጎ አድራጎት ነው።

የስኳር ሕመም ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስኳሩ የእግሩን ነርቭ የጎዳበት ሰው ጠጠር ቢቆረቁረው አይሰማውም። በቅን ልቡና የሰጠነው አዲስ ጠባብ ጫማ ቀኑን ሙሉ ጣቱን ሲልጠው ውሎ፣ ማታ ሲያወልቀው ነው ቁስሉን የሚያየው። ያ ቁስል ካመረቀዘ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለእሱ የሚሆነው ጣት የማይጫን፣ ውስጡ ለስላሳ ንጣፍ ያለው፣ ባለሙያ የለካው ጫማ ነው። የሥጋ ደዌ እግራቸውን ላደነዘዘባቸውም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ከሕክምናው ጎን የጫማና የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሐሳባችንን ያስቀየረን ግን የሕፃናቱ ነገር ነው። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል። በየሳምንቱ እግሩ ቀስ እያለ ይታረምና በጀሶ ይታሰራል፤ ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይበጣል። እናት ጀሶው ሲወልቅ ቀጥ ያለ እግር ታይና አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕክምናው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች በአንድ ዘንግ የተያያዙበት ማሰሪያ አለ። መጀመሪያ ላይ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ሲተኛ ብቻ እስከ አራት ዓመቱ ገደማ ይደረግለታል። ማሰሪያው ከቀረ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ልጁ ደግሞ ያድጋል፤ ጫማው በየጊዜው በትልቅ ይቀየራል። እኛ በአንድ ረመዳን የምንገዛው አንድ ማሰሪያ ለዚህ ልጅ ስንት ወር ይሆነዋል? የሚቀጥለውን ማን ይሰጠዋል? እኛ ተመርቀን ሄደናል።

ስለዚህ ነገሩ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሥራ ነው የምንለው። ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደ ጤና ጣቢያው እንደሚመለስ፣ ድጋፉ ሲሰበር ወይም ሲጠበው የሚመለስበት ቦታ ያስፈልገዋል። በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአርባ ምንጭ የአካል ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለብዙ ዓመታት ባለሙያ በማሠልጠንና ጥሬ ዕቃ በማቅረብ ደግፏቸዋል። ባለሙያው እግሩን በጀሶ ቀርጾ፣ ፕላስቲኩን በምድጃ አግሎ፣ በቅርጹ ላይ ጠፍጥፎ፣ ሞርዶ፣ ታማሚውን አስኪዶ ያያል። ፕላስቲኩ ከሌለ ግን ባለሙያው ቢኖርም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የውጭ እርዳታ ደግሞ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።

«አገሩ ድሃ ነው፣ ለወባ መድኃኒት ገና ሲቸገር ጫማ ብሎ ነገር!» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንደሚመድብ ይላል፤ «አቅም በፈቀደ» ማለት ምንም አለመመደብ አይደለም። ደግሞስ ቁስሉ አመርቅዞ እግር ሲቆረጥ፣ የቀዶ ሕክምናው፣ የአልጋው፣ የሰው ሠራሽ እግሩ ወጪ ከአንድ ጥንድ ጫማ ያንሳል? የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው የድጋፍ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ልዩ ጫማንም የቆልማማ እግር ማሰሪያንም አካቷል።

እንግዲህ መዋጯችን ምን ይሥራ? ከገጠር ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት በየሳምንቱ የአውቶቡስ ትከፍላለች፣ ታድራለች፣ ትበላለች። ብዙዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ሆስፒታሉ ጀሶውንና ማሰሪያውን ያቅርብ፤ እኛ ትራንስፖርቷንና ማደሪያዋን እንሸፍን። በጤና ሳይንስ ያላችሁ የቀጠሮ ቀኗን በስልክ ልታስታውሷት ትችላላችሁ፤ የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻውን ይጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ደጅ። መስጂዳችን በር ላይ ጫማ ይወልቃል። እግሩ የማይሰማው ሰው ግን ፀሐይ ባጋለው ግቢ በባዶ እግሩ እንዲራመድ አይመከርም፤ ውዱእ ሲያደርግም ውሃው ሙቅ መሆኑን በእጁ መለካት፣ በጣቶቹ መሃል ያለውን ርጥበት ማድረቅ አለበት። የድጋፍ ብረት ያሰረ ወንድም ደግሞ ቆሞ ሊያወልቀው አይችልም። በውዱእ ቦታው አንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ፤ ለውስጥ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ጫማ ይዞ ስለመግባትና ጀሶ ላይ ስለማበስ ደግሞ ኡስታዞቻችን ከጁሙዓ በኋላ ቢያብራሩ ብዙ ሰው ከመሸማቀቅ ይድናል።

ለሆስፒታሉ ቦርድ የምናስገባው ማመልከቻ ረጅም አይሆንም። በዘንድሮው በጀት ለፕላስቲክ፣ ለቆዳና ለሕፃናት ማሰሪያ መግዣ የተያዘ ገንዘብ አለ? ካለ ስንት ነው? ከሌለስ በሚቀጥለው ዓመት ይያዛል? መልሱን በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ ሲደርሰንም እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።