ከስፒከሩ በፊት ክፍሉ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግንባታ ቆሞ አያውቅም። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ቀድሞውንም በጂ+1 እና በጂ+2 ቤቶች እየተሞሉ ነበር፤ ዛሬም ብሎኬቱ ተደርድሮ ልስን የሚጠብቅ ቤት በየመንደሩ አለ። ከባለቤቶቹ መካከል ዕድሜያቸውን በኪራይ ቤት ሙዚቃን ዝቅ አድርገው ሲሰሙ የኖሩ፣ አሁን ግን አንዱን ክፍል ለማዳመጫ ለመለየት አቅምም ቦታም ያገኙ ሰዎች አሉ። ገንዘብ አጠራቅመው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምነው፣ በልዩ ትዕዛዝ የሚሠራ ውድ ስፒከር ለማስመጣት ያስባሉ። ምኞታቸውን አከብራለሁ፤ ሙዚቃን በቁም ነገር ተቀምጦ መስማት ወጪ የሚገባው ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። ስፒከር የሚመረጠው ክፍሉ ከታወቀ በኋላ ነው። ክፍሉ ገና ልስን ያልነካው ከሆነ ደግሞ ለድምፅ የታሰበው ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያው ላይ ነው፤ ስፒከሩም ለዚያ ክፍል ተለክቶ እዚሁ አገር ቢሠራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች የሚሠራው ሳሎን ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ፖርሲሊን፣ ጣሪያው የኮንክሪት ሶሌታ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ መስታወት ነው። ሁሉም ድምፅን መልሰው የሚወረውሩ ናቸው፤ ከሚደርስባቸው ድምፅ የሚውጡት ከመቶ ሁለት ሦስት እጁን ብቻ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ለምን ተለይቶ እንደማይሰማ እንዲያጣራ ተጠየቀ። ከአቅራቢያው ቲያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ ሌሊት ሌሊት እየለካ የደረሰበት ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዝቶ፣ ንጣፎቹ በሚውጡት መጠን ማካፈል። 6 ሜትር በ5 ሜትር ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ባዶ ሳሎን 90 ሜትር ኩብ ይዘትና 126 ካሬ ሜትር ንጣፍ አለው። ንጣፉ ከመቶ ሦስት እጅ ይውጣል ብንል፣ አንድ ጭብጨባ ጨርሶ እስኪጠፋ ወደ 4 ሰከንድ ይፈጃል። ሶፋ፣ መጋረጃና ሰው ሲገባበት ይህ ይቀንሳል፤ ለቤት ማዳመጫ ከሚመከረው ከግማሽ ሰከንድ ገደማ ግን አሁንም ይርቃል። ክራር ደርዳሪው በአራት ሰከንድ ውስጥ ክሩን ስንት ጊዜ እንደሚነካ ያሰበ ሰው ጉዳቱ ይገባዋል። የፊተኛው ምት ሳይጠፋ የኋለኞቹ ይደራረቡበታል፤ የአዝማሪውም ግጥም ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይለይ። ይህን የሚያደርገው ክፍሉ ስለሆነ የስፒከሩ ዋጋ አሥር እጥፍ ቢጨምር አይለወጥም።

ወፍራሙ ድምፅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የባስ ሞገድ ረጅም ነው፤ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት ከሞገዱ ግማሽ ጋር ሲገጥም ያ ድምፅ ብቻውን ያብጣል። አገራችን የለመደውን አራት በአራት ክፍል እንውሰድ። በ4 ሜትር መካከል የሚያብጠው ድምፅ 43 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የባስ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ላይ ስለሚቃኝ እዚያው አጠገብ ነው። የክፍሉ ርዝመትና ወርድ እኩል በመሆኑ ሁለቱም አቅጣጫ ያንኑ ድምፅ ያሳብጣሉ። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደረቱ እስኪርድ ይሰማል፣ መሐል የቆመው ያንን ድምፅ ያጣዋል። እኛ ደግሞ ሶፋውን በግድግዳው ዙሪያ አስጠግተን መደርደር ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ባሱ በሚያብጥበት ቦታ ይቀመጣል፣ ከዚያም «ይሄ ስፒከር ባሱ በዛ» ይባላል። መፍትሔው ፕላኑ ላይ እያለ ምንም አያስወጣም። ያንኑ 16 ካሬ ክፍል አራት ሜትር ከስድሳ በሦስት ሜትር ከሃምሳ ቢያደርጉት፣ የሚያብጡት ድምፆች 37 እና 49 ኸርዝ ገደማ ሆነው ይለያያሉ፤ ባለ ሦስት ሜትሩ ቁመት ደግሞ 57 ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ችግሩ ባይጠፋም በአንድ ድምፅ ላይ መከመሩ ይቀራል። አርማታው ከተሞላ በኋላ ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ግን ሌላ ነው።

ጥሩ ስፒከር የትም ቢቀመጥ ጥሩ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ካናዳዊው ተመራማሪ ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም ሃርማን በተባለው ኩባንያ፣ አድማጮች የትኛው ስፒከር እንደሚጫወት ሳያዩ እንዲመርጡ እያደረገ ለዓመታት ሞክሯል። ሰዎች ሳያዩ ሲመርጡ በአብዛኛው የሚስማሙት አንዱን ድምፅ ከሌላው ሳያስበልጥ በሚያወጣውና ከፊቱም ከጎኑም ተመሳሳይ ድምፅ በሚሰጠው ስፒከር ላይ ነው። የስሙና የዋጋው ሞገስ የሚያድረው ዓይን ላይ ነው። ስለዚህ የስፒከር ጥራት አለ፣ ይለካልም። ግን ከዚያው ጥናት ዘርፍ የተገኘው ሌላው እውነት፣ በተራ የመኖሪያ ክፍል ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ገደማ በታች የሚሰማውን በዋናነት የሚወስነው ክፍሉና የመቀመጫው ቦታ መሆኑ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚስተካከል ነገር አለ ለሚሉ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ያበጠውን ድምፅ በአንድ መቀመጫ ላይ ይቀንሳል፣ የጠፋውን ግን አይመልስም፣ የአራት ሰከንዱንም ማስተጋባት አያሳጥርም። ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ እርምጃ አድርጌ እቀበለዋለሁ።

የእኛን ደጋ የሚመለከት፣ ከውጭ የሚመጣ ካታሎግ የማይነግረን ነገርም አለ። ሯጮቻችን ሱሉልታ ላይ የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ስፒከርም የሚሠራው ያንኑ አየር በመግፋት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የስፒከሩ ኮን ያህሉን ቢርገበገብም የሚገፋው ጥቂት አየር በመሆኑ ድምፁ ወደ 2.5 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ያንን ለማካካስ አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ኃይል ወደ እጥፍ መጠጋት አለበት። ሰበታ ዝቅ ስለምትል ጥቂት ይሻላታል፣ ነገር ግን እሷም ደጋ ናት። አምፕሊፋየሩም ቢሆን ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚሁ ስስ አየር ስለሆነ ቡፌ ውስጥ መዝጋት ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ ይጎዳል። ሳጥኑም ይነካል፤ በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ለኮኑ እንደ ሞላ ሆኖ ያገለግላል፣ ይህም ሞላ በሩብ ያህል ይላላል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ግን መቃኛው በድምፅ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በከፍታ ስለማይወሰን ቃናው አይዛነፍም። በልዩ ትዕዛዝ ማሠራት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ለሱሉልታ አየር ታስቦ የተሰላ ሳጥን በየትኛውም መደርደሪያ ላይ ተዘጋጅቶ አይገኝም።

ከዚህ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ ምን ለመስማት ነው የሚለው ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸውን ሸክላዎች፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ካሴቶች የሚወድ ሰው ከወለል በታች የሚያንቀጠቅጥ ባስ ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ የለበትም። እነዚያ ቅጂዎች በጥቂት ማይክሮፎን የተቀረጹ ናቸው፤ ሀብታቸው መሐል ላይ ነው፣ ማለትም በዘፋኙ ጉሮሮ፣ በሳክስፎኑ ትንፋሽ፣ በክራሩ ክር። በገናም እንዲሁ ነው። ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ ትልቅ ባስ የሚጠይቅ ይመስላል፣ ነገር ግን ያንን ልዩ ንዝረት የሚሰጠው ክሩ በሚያርፍበት ላይ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። ክሩ ቆዳዋን እየመታ ከመሠረታዊው ቃና በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ያወጣል፤ የዓለሙ አጋን ድርደራ የሰማ ሰው ጆሮው የሚይዘው እነሱን ነው። ይህን መሐለኛ ድምፅ ሳያደበዝዝ የሚያወጣ፣ በትንሽ ኃይልም ከፍ ብሎ የሚሰማ ስፒከር፣ በግዙፍነቱ ከሚያስፈራው ይበልጣል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብቻቸውን የተጫወቱትን ፒያኖ ለመስማትማ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

ጸጥታ ካነሳሁ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በሐምሌና በነሐሴ ማዳመጫ መሆኑ ያበቃል። ባለ ፎቅ ቤት የሚሠራ ሰው ማዳመጫውን ምድር ቤት፣ ከሶሌታው ሥር ቢያደርገው ከዝናቡ ይገላገላል። ጎረቤትን በተመለከተ ብሎኬቱ ከሁለቱም ወገን በደንብ ከተለሰነ ብዙ ይከላከላል፤ ድምፅ የሚያመልጠው በበሩና በመስኮቱ ክፍተት ነው።

በአገራችን ስፒከር እንዴት ይሠራል የሚለው ጥርጣሬ ከባድ ስለሆነ በቅጡ መመለስ አለበት። ኮኑን፣ ማግኔቱንና ትዊተሩን እዚህ ማምረት አንችልም፤ ከውጭ መምጣት አለባቸው። እነሱ ግን በሻንጣ የሚገቡ ናቸው። ውድ የሆነው ስፒከር ከክብደቱ አብዛኛው ሳጥን፣ ማለትም እንጨት ነው፤ እንጨትን በአውሮፕላን ከአውሮፓ ማስመጣት፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ በብር ከእጥፍ በላይ በወጣበት ጊዜ፣ ማንንም አያሳምንም። ሳጥኑ ደግሞ ምስጢር የለውም። ኔቪል ቲልና ሪቻርድ ስሞል አውስትራሊያ ውስጥ ሆነው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት፣ ከኮኑ ጋር በሚመጡት ጥቂት ቁጥሮች የሳጥኑን ይዘት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የአዲስ አበባ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ኤምዲኤፍ በሲኤንሲ ማሽን ሲቆርጡ ከሚሊሜትር የማይስቱ አሉ፤ ከላይ በዋንዛ ቢያለብሱት ከውጭ የመጣው አያስንቀውም። የሚያሰጋው ሥራ ክሮስኦቨሩ ነው፤ የቱ ድምፅ ወደ የትኛው ኮን እንደሚሄድ የሚለየው ይህ ክፍል በጆሮ ግምት አይሠራም። ስለዚህ ተሞክሮና ተለክቶ በይፋ የወጣ ንድፍ መከተል ያስፈልጋል። ከዚህ ወጥቶ «እኔ በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሠሪ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ሳሎን የእንግዳ ነው፣ ስፖንጅ አይለጠፍበትም የሚለውም ተገቢ ቅሬታ ነው፤ ስፖንጅም አያስፈልግም። ድምፅ የሚውጥ ነገር በቤታችን ሞልቷል። የመንዝ ባና በአሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ ውስጡ ሱፍ ወይም ጥጥ ተሞልቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ለዓይን ጌጥ ለጆሮ መድኃኒት ነው። ከስፒከሩ ፊት ለፊት የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ፣ ከኋላ በመጻሕፍት የታጨቀ መደርደሪያ፣ መስታወቱ ላይ ሰፋ ብሎ የታጠፈ ወፍራም መጋረጃ ቢጨመር ያ አራት ሰከንድ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። የቡና ላይ ጨዋታውም በዚያው ይጠራል፤ አዛውንት እናት «ምን አልክ?» ማለት ትተው ያወራሉ። ኑሮ በተወደደበት ዘመን ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው ለሚለው፣ ክፍሉን ማስቀደም ቅንጦቱን ይቀንሰዋል እላለሁ። ለውጭ አገር ፋብሪካ ሊሄድ የነበረው ገንዘብ ለሸማኔው፣ ለአናጺውና ለለሳኙ ይደርሳል፣ ሙዚቃውም የተሻለ ይሰማል።

ለመሥራት የተነሳ ሰው ከሠሪው ጋር ሲዋዋል አንድ ነገር ማስገባት አለበት። የመለኪያ ማይክሮፎን ዛሬ ከስፒከሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ የሚያነበው ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። ልኬቱ በሠሪው ወርክሾፕ ሳይሆን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፉና መጋረጃው ከገቡ በኋላ፣ ባለቤቱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ በጆሮው ቁመት ይወሰድ። ሶፋውም ከግድግዳው ሜትር ያህል ይሳብ። የክፍያው የመጨረሻ ሦስተኛ እጅ የሚከፈለው ያ ልኬት ከታየ በኋላ ይሁን።