የሕመም ጊዜ ደመወዝና ግብሩ

በሽታ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ከሰውነት ቀጥሎ የሚጎዳው የቤቱ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ቦርደዴ ባለች ከተማ፣ በአንድ ሰው ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ሕመምተኛው ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ችግሩ ያለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያው ወር ከታሰበው ያነሰ ገንዘብ ሲመጣ የቤቱ እመቤት ትደነግጣለች። «በታመመበት ጊዜ ለተከፈለውም ገንዘብ ግብር አለበትን?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ አዎን ነው። ምክንያቱን ቀጥለን እንገልጻለን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚያዝዘው፣ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ከሥራው ባልመጣ ሕመም ምክንያት መሥራት ቢያቅተው፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ ፈቃድ ያገኛል። ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 2 ወሮች ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ግን ክፍያ የላቸውም። ይህም ገንዘብ ምጽዋት ሳይሆን ደመወዝ ነው፤ ደመወዝም ስለ ሆነ ግብሩ ይከተለዋል።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት፣ በወር እስከ 2000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከመቶ 15 ጀምሮ እየጨመረ ይሄድና፣ ከ14000 ብር የሚያልፈው ከመቶ 35 ይከፈልበታል። ለምሳሌ ደመወዙ 8000 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ የጡረታውን መዋጮ ሳንቆጥር፣ የወር ግብሩ 1150 ብር ነው፤ ግማሽ ደመወዝ ሲቀበል ግን ግብሩ 300 ብር ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ የ2 ወሩ ግማሽ ደመወዝ ዘግይቶ፣ ከተመለሰበት ወር ደመወዝ ጋር 16000 ብር ሆኖ ባንድ ጊዜ ተከፈለ እንበል። ሁሉም እንደ አንድ ወር ገቢ ቢታሰብ ግብሩ 3550 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ በየወሩ ቢታሰብ ግን 300፣ 300 እና 1150፣ በድምሩ 1750 ብር ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት 1800 ብር ሲሆን፣ ይህ ለአንድ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የዘገየ ደመወዝ የተቀበለ ሰው ሒሳቡ እንዴት እንደ ተሠራ የሒሳብ ሹሙን በትሕትና ይጠይቅ፤ ዝርዝሩንም በጽሑፍ ይቀበል።

ግብር የማይነካው ገንዘብ ደግሞ አለ። አንደኛው፣ ሠራተኛው ለታከመበት በእርግጥ የወጣውን ወጪ አሠሪው ሲከፍል ነው። ሁለተኛው፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠው ክፍያ ነው፤ ይኸውም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወሮች ከመቶ ከ75 የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ለ6 ወር ከመቶ ከ50 የማያንስ ነው። እንግዲህ በመንገድ ሥራ ወይም በጭነት መኪና ላይ የተጎዳ ሰው ጉዳቱ እንደ ተራ ሕመም ቢጻፍበት፣ የደመወዙ እኩሌታ ከ2ኛው ወር ጀምሮ ይቀርበታል፤ በሚቀበለውም ላይ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ ጉዳቱ ሳይውል ሳያድር በትክክል እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል።

የታመመም ሰው የቀረበትን ምክንያት ቢቻል በማግሥቱ ለአሠሪው ያስታውቅ። ከጭሮ ሆስፒታል ወይም ከሌላ የሕክምና ስፍራ ሲወጣም የሐኪሙን ማስረጃ ሳይዝ አይመለስ፤ ለአንዲት ወረቀት ዳግመኛ መመላለስ ለደካማ ሰው ድካምም ወጪም ነውና።

የቤት እመቤትም የወሩን ወጪ ስትደለድል፣ የዕቁቡንና የባለሱቁን ዱቤ ስትቆርጥ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ደመወዝ ሳይሆን ከግብር በኋላ እጅ በሚገባው ገንዘብ ታስብ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቤት ከበሽታ ድኖ በዕዳ አይታመምም።