በፊልሙ ውስጥ እኛ የትኞቹ ነን?

በቅርቡ አንዲት እናት ከአምልኮ በኋላ እጄን ይዘው፣ «ልጆቻችን በፍላሽ እየተቀባበሉ የሚያዩት፣ ልጆች ልጆችን የሚገድሉበት ፊልም ምንድን ነው? እባክሽ በአምድሽ አንድ ነገር በዪበት» አሉኝ። ፊልሙ «ሀንገር ጌምስ» ይባላል። ሳላይ መፍረድ ስላልፈለግሁ፣ እዚህ ደካ መብራት ባልጠፋበት አንድ ምሽት ከአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ጋር ተቀምጬ አየሁት።

መጽሐፉን በ2008 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ሱዛን ኮሊንስ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ፊልሙ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ፓነም በምትባል የፈጠራ አገር ውስጥ ካፒቶል የሚባል የሀብታሞች ከተማ 12 ወረዳዎችን ረግጦ ይገዛል። በየዓመቱ ከየወረዳው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይወሰዳሉ። 24ቱም አንድ እስኪቀር ድረስ እርስ በርስ ይገዳደላሉ፤ የከተማው ሰው ደግሞ ይህንን በቴሌቪዥን እያየ ይዝናናል። ዕጣው በታናሽ እህቷ ላይ ሲወጣ ካትኒስ የምትባለው የ16 ዓመት ልጅ «በእሷ ፈንታ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ትወጣለች። ልጄ እዚህ ላይ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር እኔም አልቅሻለሁ።

ለእኚያ እናት መልሴ አጭር ነው። ደም ስላለበት ለትንንሾቹ አይሆንም፤ ለጎረምሶቹ ግን በድብቅ ከሚያዩት ከወላጅ ጋር ቢያዩት ይሻላል። በዚህ ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ እንዳለቀ ልጄ፣ «እማዬ፣ የካፒቶል ሰዎች ክፉ መሆናቸውን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም።

እንዲህ ያሉ፣ ሰው ሰውን የሚረግጥበትን ክፉ ዓለም የሚያሳዩ ታሪኮች ዲስቶፒያ ይባላሉ። በዋናው ገጸ ባሕርይ ዓይን ስለምናያቸው ሁላችንም ወዲያው ከተጨቋኙ ጎን እንሰለፋለን። ከእነዚህ ታሪኮች ጠንካራ የሆኑት ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፉንም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «1984» ውስጥ ዋናው ሰው ዊንስተን ስሚዝ የሚሠራው በመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራውም የቆዩ ጋዜጦች ገዢው ዛሬ ከሚለው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። ራሱ የሚጨቆን ሰው የጭቆናው እጅም ነው። ይባስ ብሎ ሥራውን ይወደዋል፤ ጥሩ አድርጎ ሲያበጃጀው ደስ ይለዋል።

በአገራችንም የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ። ስለ ወደፊቱ የተጻፈ የምናብ ታሪክ አይደለም፤ የተጻፈው ገና ትኩስ ስለነበረው፣ ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ አሥመራ የሚሄደውም ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ ነው። በዓሉ ይህን ከሩቅ ሆኖ አልጻፈውም፤ እሱ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፣ ዘመቻውም ላይ ነበረ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። የሚያገለግሉትን ነገር ፊት ለፊት ማየት ያን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

እኛ ወንጌላውያን እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ ራሳችንን የምናገኘው በተሳዳጁ ቦታ ነው። ምክንያትም አለን። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ወላጆቻችን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘምረዋል፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገድለዋል። ይህ መረሳት የለበትም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሰደደ ሰው ሁልጊዜ ተሳዳጅ የሆነ ይመስለዋል።

ይህን ያስተዋልኩት የካናዳዊቷ ማርጋሬት አትውድ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «የገረዷ ታሪክ» ሲተረክልኝ ነው። ከእሱ የተሠራውን ተከታታይ ፊልም ሁለት ክፍል ብቻ አይቼ አቁሜያለሁ፤ ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም። በዚያች ጊልያድ በምትባል አገር የሚጨቁኑት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው የያዙ ናቸው። ሴቶች ማንበብ ተከልክለዋል፤ መጽሐፉ ተቆልፎበት የሚቀመጠው የቤቱ ጌታ ብቻ እያወጣ ያነባል። የራሔልንና የባላን ታሪክ ከዘፍጥረት 30 ያነብና ገረዲቱን በዚያ ቃል ያዋርዳታል። ዋናዋ ሴት በራሷ ስም እንኳ አትጠራም፤ የጌታዋ ስም ተለጥፎባታል። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ስማችንን ለማጥፋት የተጻፈ መሰለኝ። ኋላ ግን ወደ ራሴ ቤት ተመለስኩ።

እኛ በከፋ ዞን ያለን ሰዎች ማንጆዎችን እናውቃለን። ከጥንት ጀምሮ በአደን ይኖሩ የነበሩ፣ በከፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን በሮች ይጠብቁ የነበሩ ወገኖቻችን ናቸው። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ ተብለው ርኩሳን ተባሉ። ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ ከቤት አይገቡም፣ በአንድ ገበታ አይቀርቡም። ልጅ ሳለሁ ምግብ የሚሰጣቸው በኮባ ቅጠል ነበር፤ ከበሉ በኋላ ቅጠሉ ስለሚጣል የሚታጠብ ዕቃ የለም። በ1994 ዓ.ም. በዞናችን በዚህ ቂም የሰው ደም ፈሷል። በአምልኮ ቦታም ለብቻ ተቀምጠው አይቻለሁ፤ አይቼም ዝም ብያለሁ። ይህን ሁሉ የሚያስገድድ ካፒቶል የለም፤ ወታደርም የለም። የቡና ሲኒ ነው የሚያስፈጽመው።

በእኔም ቤት እንዲህ ያለ ሲኒ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰል የምታመጣልኝ አንዲት የማንጆ ሴት አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እኔ ግን «አንቺ» ነበር የምላት። ቡና አልነፍጋትም፤ በዚህም ራሴን ደግ አድርጌ እቆጥር ነበር። ፊልሙን ካየን በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ከሰሉን እያስቀመጠች ሳለ ልጄን «ቡና ቅጂላት» አልኳት። ልጄም ምንም ሳልነግራት ከበሩ ጀርባ ካለው መደርደሪያ አፉ የተሸረፈውን ሲኒ አንሥታ ቀዳችላት። ያንን ሲኒ ለማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ በቃል አስተምሬያት አላውቅም። ከጥቂት ቀናት በፊት ለካትኒስ ያለቀሰች ልጅ ናት። ጥያቄዋ እዚያው ተመለሰልኝ፦ አያውቁም። እናታቸው ሳትናገር ታስተምራቸዋለች።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በሐዋርያት ሥራ 10 ላይ ረጅም ጽሑፍ ሠርቼ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ጴጥሮስ ርኩስ የተባሉ እንስሳት የሞሉበት ጨርቅ ሲወርድ ያየበት ምዕራፍ ነው። ጉዳዩ ምግብ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ምግብ ምክንያት የማይገባበት ቤት ነበር። ገላትያ 2 ላይ ግን ያው ጴጥሮስ፣ ራእዩን ያየው ሰው፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ከአሕዛብ ማዕድ ተነሥቶ ሄዷል፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሥጾታል። እኔ ጽሑፌን የጨረስኩት ከቆርኔሌዎስ ቤት ላይ ነበር። አንጾኪያ አልደረስኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተሸረፈው ሲኒ አልነበረም። በሩን ከፍቼ፣ «እናቴ፣ ይግቡ፣ ከእኛ ጋር ይጠጡ» አልኳቸው። «እርስዎ» ማለቱ ለአፌ ከበደው፤ ለእሳቸውም ለጆሯቸው የከበዳቸው ይመስለኛል። ባለቤቴን አዩ፣ ልጄን አዩ። «እዚሁ ይሻለኛል፣ እትዬ» ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔና ልጄ በርጩማችንን ይዘን ወጣንና አጠገባቸው ተቀመጥን። ብዙም አልተነጋገርንም፤ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን። ቡናውን እኛ በጠጣንበት ዓይነት ሲኒ ጠጡ። ከዚያ ልጄ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ አልሰጧትም። ከጎናቸው ከነበረው ጆግ ውሃ አፍስሰው፣ ሲኒውን ራሳቸው ሦስት ጊዜ አጥበው መለሱልን።